ቀንድ ቆጣሪውና መንጋ ቆጣሪው፦ የስኮትላንድ የዋላ አደን ታሪክ

ኤድዊን ላንድሲር የተባለው እንግሊዛዊ ሠዓሊ በ1851 አንድ ዝነኛ ሥዕል ሣለ። ጭጋግ የሸፈነው ተራራ ከበስተ ኋላ ይታያል፤ ከፊት ለፊት ባለ 12 ጫፍ ቀንድ ወንድ ዋላ አንገቱን አቅንቶ በኩራት ቆሟል። ሥዕሉ መጀመሪያ የታዘዘው ለለንደኑ የፓርላማ ሕንፃ ነበር። ኋላ ግን በሳሙናና በውስኪ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር እየታተመ በዓለም ዙሪያ ታወቀ፤ ዛሬ የስኮትላንድ ብሔራዊ የሥዕል ቤት ንብረት ነው። በሥዕሉ ውስጥ አንዲትም እንስት ዋላ የለችም።

በዚህ በሠዓሊው ላይ መፍረድ አይገባም። ዘመኑ «ዋላ» ሲል ወንዱን፣ «ወንዱ» ሲል ደግሞ ቀንዱን ማለቱ ነበር። የስኮትላንድ ደጋ አዳኞች ለመቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ቀንድ ሲቆጥሩ ኖሩ፤ ግልገል የምትወልደው እንስት ግን ከቁጥር ሳትገባ ቀረች። ከዚህ አቈጣጠር የተነሣ ተራራው ዛፉን፣ መንጋው ጤናውን እንዴት እንዳጣ፣ ኋላም አደኑ ከጨዋታነት ወደ ኀላፊነት እንዴት እንደ ተሸጋገረ ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ዋላ» የሚለውን ቃል አንባቢ ከመዝሙረ ዳዊት ያውቀዋል፤ እንስሳውን ግን በአገራችን ምድር አያገኘውም። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ ሁሉ በተፈጥሮ የሚኖር ዋላ የለም። እኛ አጋዘን፣ ድኩላ፣ ሚዳቋ የምንላቸው እንስሳት ቀንዳቸው ከበሬና ከፍየል ቀንድ ወገን ነው፤ አንዴ ከበቀለ እስከ ሞት አይወድቅም። የዋላ ቀንድ በአንጻሩ ሙሉ በሙሉ አጥንት ሲሆን በየዓመቱ በጸደይ ወድቆ በበጋው ወራት እንደ ገና ያድጋል። በስኮትላንዱ ቀይ ዋላ ዘንድ ቀንድ የሚያበቅለው ወንዱ ብቻ ነው። ይህን ያህል ቅርንጫፍ ያለው አጥንት በጥቂት ወራት ውስጥ ማብቀል ብዙ መኖ ይጠይቃልና፣ የቀንዱ መጠን የግጦሹን ሁኔታ የሚናገር ምስክር ነው። ይህን ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

ቀንድ ለምን እንደሚቆጠር ለእኛ ማስረዳት ድካም ነው። ዝሆን የገደለ በጉትቻ የሚያጌጥበት፣ ግዳይ የጣለ በአደባባይ የሚፎክርበት ዘመን ከአያቶቻችን ዕድሜ አይርቅም። ስኮትላንዳውያንም ባለ 12 ጫፉን ቀንድ «ሮያል» ማለትም «ንጉሣዊ» ብለው ሰይመው በየአዳራሻቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

በጥንት ዘመን አደኑ ዘመቻ ነበር። በ1560ዎቹ ንግሥት ሜሪ በአቶል ተራሮች በተገኙበት አደን ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ተራራውን ከብበው እንስሳቱን ወደ አንድ ሸለቆ ነዱ፤ 360 ዋላና 5 ተኩላ መገደሉንም የዘመኑ ጸሐፊ መዝግቦታል። ከሁለቱ ቁጥሮች ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ትንሹ ነው፤ በዚያን ጊዜ በተራራው ላይ ሌላም አዳኝ እንደ ነበረ ይነግረናልና። ተኩላ ቀንድ አይመርጥም። ግልገሉን፣ ያረጀውን፣ የታመመውን፣ እንስቲቱንም ሁሉ እንዳገኘ ይበላል። የስኮትላንድ የመጨረሻው ተኩላ አንዱ ትውፊት እንደሚለው በ1680፣ ሌላው እንደሚለው በ1743 ተገደለ። ከዚያ ወዲህ ዋላውን የሚያድነው ሰው ብቻ ሆነ።

የሙያ ባልደረቦቼ ይፍቀዱልኝና አንድ ምሳሌ ከራሳችን ቤት ልጥቀስ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት በ1788 ለእንፋሎት ሞተሩ የፍጥነት መቈጣጠሪያ ገጠመለት። ሞተሩ ሲፈጥን የሚሽከረከሩት ሁለት ኳሶች ወደ ውጭ እየተነሡ የእንፋሎቱን መግቢያ ያጠባሉ፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሰው ይከፍቱታል። ዋት ይህን ሲገጥም የትውልድ አገሩ ተራሮች የራሳቸው መቈጣጠሪያ ከተነቀለ ቆይቶ ነበር።

ከ18ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የደጋው ባለ ርስቶች ጭሰኞቻቸውን ከየሸለቆው እያፈናቀሉ መሬቱን ለበግ እርባታ ሰጡ። ያ ሰፊና መራራ ታሪክ ነው፤ እዚህ አልዘረዝረውም። በ19ኛው ምእት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ሱፍና ሥጋ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው በጉም አላዋጣ አለ። በጉ በለቀቀው ተራራ ላይ ዋላውና የአደን ኪራይ ገቡበት። ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው አልበርት ባልሞራልን በ1848 ተከራይተው በ1852 መግዛታቸው ለሀብታሞቹ ሁሉ ፈለግ ሆነ። በ1863 ከፐርዝ ወደ ሰሜን የተዘረጋው የባቡር መንገድ የለንደንን ባለ ገንዘብ ከነጓዙና ከነጠመንጃው እተራራው ግርጌ ያደርሰው ጀመር። በ1912 ገደማ ለዋላ የተከለለው መሬት ወደ 3.5 ሚሊዮን ኤከር ማለትም ወደ 1.4 ሚሊዮን ሄክታር ደርሶ ነበር፤ ይህም ከመላው ስኮትላንድ አንድ አምስተኛ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ክልሉ በእንግሊዝኛ «የዋላ ደን» ይባላል። «ደን» የሚለው ቃል እዚህ ላይ የጥንቱን የአደን ክልል የሚያመለክት ነው እንጂ፣ በአብዛኛው ስፍራ አንድ ዛፍ ማየት ብርቅ ነው።

ስለ አደኑ ጥበብ ግን ሳላደንቅ አላልፍም። አዳኙ እንግዳ ብቻውን አይወጣም። ተራራውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ፣ በደመወዝ የተቀጠረ የአደን መሪ ከፊት ይሄዳል። መሪው በማለዳ ከአንድ ጉብታ ላይ ተጋድሞ በረጅም የናስ መነጽር ሸለቆውን ይቃኛል፤ ይህ ብቻ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። መንጋው ከተገኘ በኋላ የሚጠናው ነፋሱ ነው። ዋላ የሰውን ጠረን ከሩቅ ይለያልና ነፋሱ ከእንስሳው ወደ ሰው መንፈስ አለበት። በጎድጓዳ ተራራ ውስጥ ነፋስ ይዞራል፣ ከገደል ተላትሞ ይመለሳል፤ መሪው ይህን የሚያሰላው በሣር ቅንጣትና በጉንጩ ነው። ከዚያ በደረት መሳብ ይመጣል። በረግረግና በቀዝቃዛ ምንጭ ውስጥ እየተጐተቱ መቶ እርምጃ ያህል እስኪቀር ድረስ ይቀርባሉ። መሪው ጠመንጃውን ከማኅደሩ አውጥቶ ለእንግዳው የሚሰጠው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው፤ የሚተኰስበትን እንስሳ የሚመርጠውም እርሱ ነው። የሎንዶኑ ጌታ ለዚያች ሰዓት ለደመወዝተኛው ታዛዥ ይሆናል። እንስሳው ከቆሰለ እስኪመሽ ድረስ መከታተል ግዴታ ነበር፤ አቁስሎ መተው እንደ ነውር ይቆጠራል። የወደቀውን ዋላ ወደ ቤት የሚያወርደው ጠንካራው የተራራ ፈረስ ነው።

ይህ ሙያ ከአደን ውጭም ተፈልጓል። በቦየር ጦርነት ጊዜ በ1900 ሎርድ ሎቫት ከእነዚህ የአደን መሪዎች መካከል መልምሎ ያቋቋመው የሎቫት ስካውት ጦር፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመነጽር ቃኚነትና በአነጣጣሪ ተኳሽነት ስሙ ተጠርቷል።

ጥበቡ ይህን የመሰለ ቢሆንም፣ አደኑ የቆመበት የመሬት ሥርዓት ፍትሕ የጎደለው ነበር። ዊልያም ዊናንስ በሩሲያ የሴንት ፒተርስበርግና የሞስኮ ባቡር ሥራ የበለጸገ ቤተሰብ ልጅ የሆነ አሜሪካዊ ነው። ገንዘቡ ከእኛው ሙያ መገኘቱን እያዘንኩ አነሣዋለሁ። ከ200,000 ኤከር በላይ የአደን መሬት ተከራይቶ ሲያበቃ፣ አድብቶ መቅረብን ትቶ ዋላዎቹን በሰው እያስነዳ በጅምላ ይገድል ነበር። ይህ ሰው ሙርዶክ ማክሬ የተባለ ድኻ ጫማ ሰፊ የሚያሳድገው አንድ የበግ ግልገል አጥር በሌለው የአደን መሬቱ ላይ ሣር ነጨ ብሎ ከሰሰው። ነገሩ ይግባኝ ተብሎበት እስከ ኤዲንበርጉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1885 ዊናንስ ተረታ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በኅዳር ወር 1887፣ በሉዊስ ደሴት የሚኖሩ በመቶ የሚቈጠሩ ገበሬዎች ጠመንጃና ባንዲራ ይዘው ፓርክ ወደሚባለው የዋላ ክልል ገቡ። የተራቡ ነበሩ፤ አባቶቻቸው ያረሱት መሬት ዋላ ሲግጥበት ያያሉ። ዋላዎቹን ገደሉ፣ በሜዳ ላይ ጠብሰው በሉ፣ ያደረጉትም በስውር አልነበረም። መንግሥት ወታደርና የጦር መርከብ ላከ። መሪዎቹ በጥር 1888 በኤዲንበርግ በሁከት ወንጀል ተከሰው ቀረቡና በዳኝነት የተቀመጡት የሕዝብ ተወካዮች ነጻ ለቀቋቸው። «መሬት ላራሹ» ሲባል ለሰማ ትውልድ ልጆች ይህ ነገር ማብራሪያ አይሻም።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ከአደኑ ኪራይ የሚከፍለው እንግዳ በመስከረምና በጥቅምት ይመጣል፤ የሚፈልገውም ባለ ቀንዱን ነው። እንስቶች የሚታደኑት እንግዳው ከሄደ በኋላ፣ በክረምቱ በረዶና ዝናብ ውስጥ በሠራተኞች ብቻ ነበር። ማንም ገንዘብ ስለማይከፍልበት የሚገደለው ቁጥር ከሚወለደው አነስተኛ ሆኖ ይቀራል። ከዚህም በላይ ባለ ርስቶቹ «እንስት በበዛች ቁጥር ወንድ ይወለዳል፣ ወንድ በበዛ ቁጥር ኪራይ ይጨምራል» የሚል እምነት ነበራቸው። የነገሩን ስሌት ለመመልከት 100 ወንድና 100 እንስት ያሉበትን መንጋ እናስብ። አንድ ወንድ ብዙ እንስቶችን ስለሚያስረግዝ፣ ከወንዶቹ 50 ቢገደሉ በሚቀጥለው ዓመት የሚወለደው ግልገል እምብዛም አይቀንስም። ከእንስቶቹ 50 ቢገደሉ ግን በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ የመንጋውን ልክ የሚወስነው ጥይት በእንስቲቱ ላይ የሚተኰሰው ነው፤ የአደኑ ክብርና ገንዘብ ያረፉት ግን በሌላው ላይ ነበር።

ዋላ የወጣት ዛፍ ቡቃያ ይበላል። ያረጁት ጥዶች እየወደቁ ሲሄዱ የሚተካቸው አላደገም፤ ክረምቱ በከፋ ጊዜም የበዛው መንጋ በረኃብ ያልቃል። በ1930ዎቹ ፍራንክ ፍሬዘር ዳርሊንግ የተባለ ተመራማሪ መንጋውን ዓመቱን ሙሉ በእግሩ፣ ብዙውን ጊዜም ጫማውን አውልቆ፣ ሲከተል ከርሞ በ1937 መጽሐፍ አሳተመ። ከፍ ያለ ትኩረት የሰጠው መንጋውን ለሚመሩት እንስቶች ነበር። ቀንድ ሲመለከት ለኖረ አገር ይህ አዲስ ነገር ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥጋ ውድ ስለ ነበር በመኪናና በመብራት በሌሊት የሚገድሉ ነጋዴዎች ተነሡ፤ ገበሬውም ዋላ ሰብሌን ጨረሰብኝ ይል ነበር። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ በ1959 የስኮትላንድ የዋላ ሕግ ወጣ። ሕጉ የቀይ ዋላ ኮሚሽን አቋቋመ፤ አደን የሚከለከልበትንም ወራት ወሰነ። ወንዱ ከጥቅምት 21 እስከ ሰኔ 30፣ እንስቷ ከየካቲት 16 እስከ ጥቅምት 20 እንዳይገደሉ ተደረገ፤ እነዚህም ወራት የአውሮፓውያን ናቸው። እስከዚያ ድረስ ለቀይ ዋላ እንዲህ ያለ ሕጋዊ የዕረፍት ጊዜ በስኮትላንድ አልነበረም።

ትልቁ ማስረጃ የተገኘው ግን ከረም ደሴት ነው። መንግሥት ደሴቱን በ1957 ለተፈጥሮ ጥበቃ ገዛ፤ ተመራማሪዎቹም በየዓመቱ ከመንጋው አንድ ስድስተኛውን፣ ከወንዱም ከእንስቱም፣ በዕቅድ ማስገደል ጀመሩ። በ1972 በደሴቱ ሰሜናዊ ክፍል አደኑ ፈጽሞ እንዲቆም ተደረገና ውጤቱ ይታይ ተባለ። ተመራማሪዎቹ እያንዳንዱን ዋላ በመልኩ እየለዩ ልደቱን፣ እናቱን፣ ሞቱን መዘገቡ። ጥናቱ ዛሬም አልተቋረጠም።

እንስቶቹ እየበዙ ሄዱ፤ ወንዶቹ ግን አልጨመሩም። በተጣበበ ግጦሽ ላይ የወንዱ ግልገል ይበልጥ ይሞታል፣ ያደገውም አካባቢውን ጥሎ ይሰደዳል። የወንዶቹ ቀንድ ክብደትም ቀነሰ። ወንድ እንዲበዛላቸው ብለው እንስቷን የተዉ ባለ ርስቶች በፈለጉት ነገር ራሱ ላይ ሲጎዱ መኖራቸው በዚህ ተረጋገጠ። በሙያችን ስንት ጊዜ ያጋጥማል፤ ማሽኑን ለማፍጠን የተዞረ ቁልፍ ማሽኑን ሲያዘገየው። ቲም ክለተን-ብሮክና ጓደኞቹ ውጤቱን ከ1982 ጀምሮ በየጊዜው ቢያሳትሙም የአደን ባለቤቶች ወዲያው አልተቀበሉትም። በ1960ዎቹ 150,000 ገደማ ይሆናል የተባለው ቀይ ዋላ በ1990 ገደማ ወደ 300,000 እንደ ደረሰ ተገመተ።

የተከተለው ጠብ በጥናት ወረቀት የሚያልቅ አልነበረም። መንግሥት በ1985 በገዛው ክሬግ ሜጊ በተባለ ተራራ ላይ ዋላው በብዛት ሲቀነስ የበርች ዛፍ ያለ አጥር ተመልሶ በቀለ። በ2004 በግሌን ፌሺ ኮሚሽኑ ተኳሾችን በሄሊኮፕተር አስጭኖ ብዙ ዋላ ሲያስገድል ግን የአደን መሪዎቹ አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። ዛሬ በዚያ ሸለቆ ወጣት ጥድ ሞልቷል፤ ሆኖም ተቃዋሚዎቹን እንደ አላዋቂ መቍጠር ግፍ ነው። አባት ለልጅ ያስተላለፈውን ሙያ፣ በነፋስና በትዕግሥት የተሠራውን፣ በአንድ ጧት በሞተር ድምፅ ሲተካ ያዩ ሰዎች ናቸው። እንጀራቸውም በተራራው ላይ ባለው የዋላ ብዛት የተመሠረተ ነበር። «አጥር ይሠራ» የሚሉም አልጠፉም። አጥር ለመሐንዲስ ቀላል መልስ ይመስላል፤ ነገር ግን 1.8 ሜትር የሚቆመው የሽቦ አጥር ዝቅ ብለው የሚበሩትን ብርቅ የደን አዕዋፍ እየመታ ይገድላል፣ ዋላውንም ወደ ጎረቤት መሬት ከመግፋት በቀር አይቀንሰውም።

በአገራችን ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚችለው የባሌና የአርሲው ደጋ አጋዘን ነው። አይቨር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1908 ገድሎ የወሰደው ናሙና በ1910 በሊደከር ተመርምሮ ሳይንሳዊ ስም ወጣለት። በ1960ዎቹ ሌዝሊ ብራውን ተዘዋውሮ አጠናው፤ ፓርኩ በ1970 ተመሠረተ፤ ምስሉንም በአሥር ሳንቲማችን ላይ እናገኘዋለን። በባሌ ያለው ችግር እንደ ስኮትላንዱ መብዛት አይደለም። እርሻው፣ የከብቱ ግጦሽ፣ ውሻው፣ የእንጨት ቈረጣው እያጣበቡት ቁጥሩ አንሷል፤ በ1991 የመንግሥት ለውጥ ጊዜም በጋይሳይ ብዙ ተገድሏል። ስለዚህ ንጽጽሩን ከልክ በላይ መግፋት አያስፈልግም። ሆኖም በተፈቀዱት የአደን ክልሎች ከውጭ የሚመጣው አዳኝ የሚከፍለው ላደገው ወንድ ነው፣ የሚለካውም የቀንዱ ርዝመት ነው። ረጅም ቀንድ መገኘቱ ስለ አንድ ወንድ ያለፉት ዓመታት ይነግረናል፤ ዘንድሮ ስንት እንስት ወለደች፣ ስንት ግልገል ክረምቱን ተሻገረ ለሚለው ግን መልስ የለውም። የኮታ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ቁጥር የሚታመነው በየዓመቱ ጫካው ውስጥ ገብቶ እንስትና ግልገል የሚቈጥር ባለሙያ ሲኖር ነው። ለእርሱ የሚከፈለው ደመወዝ ከአንድ የአደን ፈቃድ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ውድ ነው ለማለት አይቻልም።

በስኮትላንድ ክርክሩ አልተዘጋም። መንግሥት የሾመው የጥናት ቡድን በ2020 ባወጣው ዘገባ የሁሉም ዓይነት ዋላ ድምር ወደ 1 ሚሊዮን ሊጠጋ እንደሚችል አመለከተ። በ2023 ወንድ ዋላን መግደል የሚከለከልበት ወቅት ተሰረዘ። ውሳኔው አንዳንዶችን አስደስቶ ሌሎችን ቢያስቈጣም፣ ከላይ ባየነው ስሌት መሠረት ወንዱን ዓመቱን ሙሉ መግደል የመንጋውን ልክ ብዙም አይለውጥም። የእንስቷ የዕረፍት ወራት ሳይነካ ቀርቷል፤ ምክንያቱም በበጋ እናቱ የተገደለችበት ግልገል ወተት አጥቶ ይሞታል።

እንስት የምትታደንበት ጊዜ ያው የክረምቱ አጭር ቀን ነው። መሪው እንግዳም ፎቶግራፍም ሳይኖር ይወጣል። እናቲቱን ከገደለ ግልገሏን ብቻውን በበረዶ ላይ መተው ስለማይገባ እርሱንም መግደል አለበት፤ ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ይህ እንደ ሆነ ማንም ሊገምት ይችላል። ማታ በሥጋ ማኖሪያው ቤት በድኑ ይመዘናል፤ ዕድሜው ከመንጋጋ ጥርሱ ይታያል፤ ጡቷ ወተት እንደ ያዘና እንዳልያዘ ይመረመራል። እነዚህም በመዝገቡ ላይ ከቀኑና ከሸለቆው ስም ጋር ተራ በተራ ይጻፋሉ።